ቦርጭ ይዤ ጁዶ ልጀምር ወይስ መጀመሪያ ልክሳ?

ሐረጎ ቁልቁለት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ሥራዬ ሂሳብ ነው፤ ጠዋት የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ይመሽብኛል። ዕድሜዬ 39፣ ክብደቴ 104 ኪሎ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ70። ስፖርት የሚባል ነገር ከተማሪነቴ ወዲህ አልነካሁም። የጫማዬን ክር ለማሰር ሳጎነብስ ትንፋሼን ይዤ ነው፣ ቀና ስል ፊቴ ቀልቶ ይጠብቀኛል።

የእህቴ ልጅ ደሴ ላይ ጁዶ ጀምሯል። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ነኝ የማደርሰው። በፊት ጥግ ይዤ ስልኬን ስነካካ ነበር የሚያልቀው። ከዚያ ቀስ በቀስ ስልኩን ትቼ ማየት ጀመርኩ። አንድ ቀጭን ልጅ አለ፤ እጥፉ የሚሆን ሰውዬ ኮሌታውን ያዘው፣ ልጁ ዞር አለ፣ ዳሌው ላይ ጫነውና አሳለፈው። ሰውዬው ጀርባው ላይ ዷ ብሎ አረፈ። ተነሳና ሳቀ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከጣለው ልጅ ይልቅ የወደቀው ሰውዬ ነው ያስቀናኝ። እኔ ብወድቅ አምቡላንስ ነው የሚያነሳኝ።

ባለቤቴ "መጀመሪያ በእግርህ ሂድ፣ ቅለል፣ ከዚያ ታገል" ትላለች። ልክ ናት? ደረጃ ስወርድ ጉልበቴን ያመኛል፤ አይብስብኝም? እዚያ ያሉት አብዛኞቹ ልጆች ናቸው፤ መሳቂያ አልሆንም? ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ሳይ ያ የብራዚል ጁጁትሱ የሚሉት ቁጭ ብለው ነው የሚጀምሩት። ለእኔ ቢጤ እሱ አይሻልም?

የሞከራችሁት ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል። "ፍላጎት ካለህ ትችላለህ" የሚለውን ግን ተዉት፤ እሱን ለራሴ ብዬዋለሁ፣ ምንም አልፈየደም።

ሰኞ ገበያ

ወንድሜ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ ሐረጎን በእግርህ ውጣው። ስትደርስ ጁዶም አያስፈልግህም፣ ሃሃሃ።

ቁም ነገሩን ካልከኝ ግን ቴኳንዶ ለምን አትሞክርም? በየሰፈሩ አለ፤ ጁዶ ብሎ መንከራተት ምንድን ነው?

የሸዋ በር ባለሱቅ

ሰኞ ገበያ፣ ቀልዱን ወድጄዋለሁ። ቴኳንዶው ላይ ግን አልስማማም። መዝለል አለው፣ በአንድ እግር ቆሞ ሌላውን ወደ ላይ መወርወር አለው። 104 ኪሎ በአንድ ጉልበት ላይ ሲዞር አስበው። ትግል ቢያንስ ግማሹ መሬት ላይ ነው።

ጠያቂው፣ እኔ የጀመርኩት በ41 ዓመቴ ነው። ሸዋ በር ቆርቆሮና ሚስማር ነው የምሸጠው፤ ቁጭ ብዬ እውላለሁ። ስጀምር ክብደቴ ካንተ ብዙም አይርቅም ነበር። አሁንም ቀጭን ነኝ አልልም፣ ቦርጬ በቦታው አለ። ግን እወድቃለሁ፣ እነሳለሁ።

ባለቤትህ ለጤናህ አስባ ነው፤ በእግር መሄዱንም ጀምረው። ግን "ልክሳና እሄዳለሁ" ያለ ሰው ሲሄድ አላየሁም። ቢከሳም የሚጠብቀው ድካም ሌላ ዓይነት ነው። በእግር መሄድ ሰው ደረትህ ላይ ተኝቶብህ እንዴት እንደምትተነፍስ አያስተምርህም።

መጀመሪያ አካባቢ የሚጨርስህ ጥድፊያ ነው። ኮሌታ ስትይዝ ሊቀሙህ እንደሆነ ሁሉ ጭምቅ ታደርገዋለህ። ጥርስህን ትነክሳለህ፣ ትንፋሽህን ትይዛለህ። ብዙም ሳትቆይ ክንድህ ይደርቃል፣ ጣትህ አልዘረጋም ይልሃል። እኔ ወላሂ ከልምምድ መጥቼ የሱቄን ቁልፍ ማዞር አቅቶኝ ጎረቤት ያለውን ልጅ አስከፍቼዋለሁ። ስለዚህ ኮሌታውን በትንሿ ጣትና በቀለበት ጣትህ ያዝ፣ ሌሎቹን ላላ አድርግ። በአፍንጫህ እየሳብክ አስወጣ። ከምትታገለው ሰው ጋር እያወራህ መታገል ካልቻልክ ፈጥነሃል ማለት ነው።

ደሴ መሆኑንም አትርሳ። እናንተ ጋ ከፍታው 1,850 ሜትር ገደማ ነው፣ እኛ ጋ 2,500 አካባቢ። ከመኪና ወርደህ ቀጥታ ምንጣፍ ላይ አትውጣ። ቀደም ብለህ ድረስ፣ አንድ ሻይ ጠጣ፣ ልብህ ይረጋጋ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የመጀመሪያው ወር ሥራህ መውደቅ ነው። ጃፓኖቹ ኡኬሚ ይሉታል። ቁጢጥ ትላለህ። አገጭህን ደረትህ ላይ ትለጥፋለህ፣ ዓይንህ ቀበቶህ ላይ ይሁን። ወደ ኋላ ትንከባለላለህ። ጀርባህ ሊነካ ሲል ሁለቱን ክንድህን ከጎንህ ትንሽ ራቅ አድርገህ ምንጣፉን ትመታለህ፤ መዳፍህ ብቻ ሳይሆን ክንድህ በሙሉ ይረፍ። ያን ጊዜ አየር ታስወጣለህ። ጭንቅላትህ ምንጣፉን አይንካ። ቁጢጡ ሲለመድ ከፍ እያልክ ትሄዳለህ፤ ከዚያ በጎን፣ ከዚያ በትከሻ መንከባለል። ከባድ ሰው ሲወድቅ የሚቀናው እጁን ዘርግቶ መሬቱን መደገፍ ነው። ያ ሁሉ ኪሎ በአንዲት የእጅ አንጓ ላይ ያርፋል። አንጓም ትከሻም የሚሄደው እንዲህ ነው።

እኔ ያደግሁት አምባሰል ነው። ከብት ስንጠብቅ ሜዳ ላይ ትግል መያያዝ የዘወትር ነበር። ጠልፎ መጣል ለእኔ አዲስ አልሆነም፤ እነሱ ኦሶቶ ጋሪ የሚሉት ከኛ ጠለፋ ብዙ አይርቅም። ችግሩ እኛ ጋ ጀርባው መሬት የነካ አለቀለት። ስለዚህ ሰው ላለመውደቅ ይሞታል። ይሰነቀራል፣ የያዘው ሰው ላይ ይንጠለጠላል፣ እግሩን ተክሎ ወገቡን ያዞራል። ጉልበት የሚጠመዘዘው እዚያች ጋ ነው። ልምምድ ላይ ሲጥሉህ ተጣልላቸው። ይሄን ለመልመድ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል፤ አንዳንዴ አሁንም ያ እረኛ ይነሳብኛል።

ጁዶ ወይስ ጁጁትሱ ላልከው እንቅልፍ አትጣበት። ጁዶን ያቋቋመው ጂጎሮ ካኖ ራሱ ደቃቃ ሰው ነበር፤ በልጅነቱ ጉልበተኞች ስላስቸገሩት ነው ጁጁትሱ ልማር ያለው። በ1882 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ ኮዶካንን ሲከፍት ከድሮዎቹ ስልቶች አደገኞቹን ከልምምድ ትግሉ አውጥቶ፣ ሰው ሳይጎዳዳ አዘውትሮ የሚለማመደውን አስቀረ። ከኮዶካን የወጣ ሚትሱዮ ማኤዳ የሚባል ሰው ደግሞ በ1914 እ.ኤ.አ. ብራዚል ገባ፤ እዚያ ያሉት የግሬሲ ቤተሰብ ከሱ ተምሮ ነው የብራዚሉ ጁጁትሱ የመጣው። ዘመዳሞች ናቸው። ልዩነቱ ጁዶ ቆሞ መጣሉ ላይ ያተኩራል፣ ጁጁትሱው መሬት ላይ ይቆያል። ለከባድ ጀማሪ መሬቱ ይቀላል ያልከው ልክ ነህ። ቅርብህ ያለው ጁዶ ከሆነ ግን እሱም የመሬት ሥራ አለውና አሰልጣኙን "መጀመሪያ መሬቱን አሳየኝ" በለው። ደህና አሰልጣኝ ከሆነ ደስ ይለዋል።

መሬት ላይ ደግሞ ኪሎህ ሀብት ነው። ኬሳ ጋታሜ የሚባል አያያዝ አለ። ከጎኑ ሆነህ አንገቱን ታቅፋለህ፣ ክንዱን ብብትህ ውስጥ ትቆልፋለህ፣ ጎንህን ደረቱ ላይ ትጥላለህ። ውድድር ላይ 20 ሰከንድ ከያዝከው ኢፖን ነው፣ ጨዋታው አለቀ። ጀማሪ በክንዱ ሊጨምቅ ይሞክርና ይደክመዋል። አንተ ጡንቻህን ልቀቅና እንደ እርጥብ ጆንያ ክበድ። የፈረንሳዩ ቴዲ ሪነር ለንደንም ሪዮም ፓሪስም የኦሎምፒክ ወርቅ የወሰደው ከ100 ኪሎ በላይ በሚባለው ምድብ ነው። አንተም በኪሎ እዚያው ነህ፤ በቀረው ገና ነን።

ይስቁብኛል ላልከው፣ ይስቃሉ። ከዚያ ይለምዱሃል። እኔ የምፈራልህ ይሉኝታህን ነው። አንድ የ19 ዓመት ልጅ ክርንህን ይቆልፍብሃል። "ከልጅ ፊት እንዴት?" ብለህ ዝም ትላለህ። ሲያምህ አትጠብቅ፤ መያዝህ ሲገባህ ሁለቴ መታ መታ አድርገው፤ በቃኝ፣ ልቀቀኝ ማለት ነው። እጅህ ካልተላቀቀ በእግርህ ምታ፣ ወይ በአፍህ "በቃ" በል። ደግሞ ደክሞህ እያለ "ና አንድ ዙር" ሲሉህ እሺ አትበል። ጥግ ቁጭ በል። ብዙ ሰው የሚጎዳው መጨረሻ ላይ ነው፤ እግሩ አልታዘዝ ብሎት፣ እምቢ ማለት አሳፍሮት።

የምትያያዘውንም ምረጥ። ቀበቶው ነጭ ከሆነ፣ ማለት ገና ጀማሪ ከሆነ ጎረምሳ ራቅ፤ በተለይ ቪዲዮ ከሚያይ ጎረምሳ። ቡናማ ቀበቶ ያለውን ወይ ቆየት ያለውን ጠጋ በል። እሱም ይጥልሃል። ግን እጅጌህን ይዞ ያሳርፍሃል።

ስለ ልብስ አንድ ነገር ልጨምር። ተሠርቶ የመጣው ውድ ነው፤ የኛ ቦርጭ የሚገባበት ቁጥርም አይገኝም። ልብስ ሰፊ ጋ አሰፋው። አቡጀዴ አይሁን፣ ከብብቱ ይተረተራል። ወፍራም ካኪ ይቆረጥልህ። ኮሌታው ተደራርቦ ታጥፎ ብዙ ረድፍ ይሰፋ፤ ብብቱ ሥር አራት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ ይግባበት፤ የሱሪው ጉልበት ድርብ ይሁን። ሰፊው "ምን ሊሠራበት ነው?" ማለቱ አይቀርም። ካልገባው ኮሌታህን አስይዘውና "ጎትት" በለው።

ጦሳ ሥር

እኔ ከባለሱቁ ጋር አልስማማም። 98 ኪሎ ሆኜ ገባሁ፣ የትኛው ከተማ እንደሆነ ልተወው። በመጀመሪያው ቀን አስገቡኝና "ታገል" አሉኝ። አንዱ አነሳኝና ራሱም አብሮ ወደቀብኝ። የጎን አጥንቴን ነው ያገኘው። ስስቅም ሳስነጥስም ሲያመኝ ከረመ። ስንት ጊዜ አልጋ ላይ በአንድ ጎኔ ተኝቻለሁ። ከዚያ በኋላ አልተመለስኩም። በእግሬ መሄድ ጀምሬ ክብደቴን ቀንሻለሁ፣ ማንም አልወደቀብኝም። ወንድሜ፣ ሚስትህን ስማት።

የሸዋ በር ባለሱቅ

ጦሳ ሥር፣ አላህ ያሽርህ። የጎን አጥንት ክፉ ነው፣ አውቀዋለሁ። ግን ወንድሜ፣ 70 ኪሎም ብትሆን ያ ቦታ ይሰብርህ ነበር። መውደቅ ሳያስተምር በመጀመሪያ ቀን የሚያታግል አሰልጣኝ ጋ ቀጭንም መሄድ የለበትም። ጠያቂው፣ አንተ ዕድለኛ ነህ፣ ቁጭ ብለህ ታያለህ። አዲስ ሰው ሲመጣ የት እንደሚያስቀምጡት እይ። ጥግ ላይ ወስደው ለብቻው ካንከባለሉት ደህና ቦታ ነው። መሀል ካስገቡት የእህትህንም ልጅ አስወጣው።

ነርሷ ነኝ

ባለሱቁ ስለ ትንፋሽ ያለውን እኔ ከሌላ በኩል ልጨምርበት። ትንፋሽ ይዞ መግፋት የደም ግፊትን በዚያች ቅጽበት ሽቅብ ይወስደዋል። ግፊት ላለበትና ለማያውቅ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ከምንም በፊት ግፊትህንና ስኳርህን ተለካ። በ39 ዓመትና በዚህ ኪሎ "ምንም አይሰማኝም" ማለት ማስረጃ አይሆንም፤ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አይሰማም። ልምምድ ላይ ደረትህን ካጨነቀህ፣ ወደ ክንድ ወይ ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ከመጣ፣ ዓይንህ ጭልም ካለ፣ ዙሩን ልጨርስ የለም፤ ታቆምና ሕክምና ትሄዳለህ።

ጉልበት፦ ደረጃ ስትወርድ የሚያም ጉልበት ብዙ ጊዜ የጭን ጡንቻ መድከምም አለበት። ቢሮ ውስጥ እጅህን ሳትደገፍ ከወንበር መነሳት፣ ቀስ ብለህ መቀመጥ፤ ደጋግመህ አድርገው። መነሳቱን ሁሉም ይችላል፣ ዘጭ ሳይሉ ቀስ ብሎ መቀመጡ ነው ሥራው። ምንጣፍ ላይ ስትንበረከክ የጉልበት መከላከያ አድርግ። ጉልበትህ የሚያብጥ፣ የሚቆለፍ ወይ የሚከዳህ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

ሌላው ማንም የማያወራው ጭርት ነው። የሰው ቆዳ ከሰው ቆዳ ጋር፣ ላብ፣ የማይታጠብ ምንጣፍ። ክብ ሆኖ ጠርዙ ቀላ ብሎ የሚያሳክክ ነገር ካየህ ታክመህ እስኪሻልህ ከልምምድ ቅር። ጥፍርህን ቁረጥ። ከምንጣፍ ስትወርድ ነጠላ ጫማ አድርግ፤ በባዶ እግር ሽንት ቤት ሄዶ ተመልሶ ምንጣፍ ላይ የሚወጣ ካለ ተቆጣው። ልብሱን ሳይታጠብ ሁለተኛ አትልበሰው። የደሴ ብርድ ገላ መታጠብ እንደሚያስጠላ አውቃለሁ። ቢሆንም ታጠብ።

የቦሩ ልጅ

ጋሼ፣ እኔ ደግሞ እርስዎ ከሚፈሯቸው ልጆች አንዷ ነኝ፣ 20 ዓመቴ ነው። ከሌላው ወገን ሆኜ ልንገርዎት።

ከባድ ጀማሪ ሲመጣ እኛ የምንፈራው ኪሎውን አይደለም። ሲደክመው ዝም ብሎ ሰው ላይ የሚዘረገፈውን ነው። ሲጥሉ አብረው አይውደቁ። የጣሉትን ሰው እጅጌ ወደ ላይ ሳብ አድርገው ይያዙት፣ እግርዎን ከፈት አድርገው ይቁሙ። መቆም ካቃተዎት መጣሉን ይተዉት፤ ግማሽ ድረስ አስገብተው ይመለሱ። ኡቺኮሚ ይባላል፣ ሳይጥሉ መግባት መውጣት ብቻ። ለእርስዎም ትንፋሽ፣ ለእኛም ጎን አጥንት ይጠቅማል። ይህን የሚያደርግ ትልቅ ሰው ካለ ወረፋ ይዘን ነው አብረነው የምንሠራው፤ ለምን ቢሉ እንደ እርስዎ ያለ ከባድ ሰው መጫን የለመደ ሌላ ማንም አይከብደውም።

መቀስ የሚመስል፣ ሁለት እግር ጉልበት ላይ አቆላልፎ የሚጥል ዘዴ የሚሞክርብዎት ካለ ወዲያው እምቢ ይበሉ። ካኒ ባሳሚ ይባላል፤ ጁዶ ውድድር ላይ የተከለከለ ነው።

ምንጣፉንም ይዩት። እኛ ጋ ታታሚ የሚባለው እውነተኛው የጁዶ ምንጣፍ የለም፤ ስፖንጅ ላይ ሸራ ተወጥሮ ነው። ሸራው ሲላላ ይሸበሸባል፣ የእግር ጣት እዚያ ውስጥ ይገባና ሰውነት ሲዞር ጣቱ ይቀራል። የእግሬ ትልቁ ጣት እስካሁን ብርድ ሲሆን ይነግረኛል። ከመጀመርዎ በፊት ዞር ዞር ብለው በእግርዎ ይዳስሱት፤ ሽብሽብ ካገኙ "ወጥሩት" ይበሉን። እርስዎ ሲሉን እንሰማለን፣ እርስ በርሳችን አንሰማማም።

በነገራችን ላይ እዚህ የምታነቡ እህቶችም ኑ። እኔ በሻሽ ነው የምሠራው፣ ጠበቅ አድርጌ፣ ያለ መርፌ ቁልፍ። እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ኦሎምፒክ የሳዑዲዋ ውጅዳን ሻህርካኒ ፀጉሯን ሸፍና ጁዶ ተወዳድራለች። ከሴት ጋር ብቻ ነው የምሠራው ማለትም ይቻላል፤ አስቀድሞ ለአሰልጣኙ መንገር ነው።

ሐረጎ ቁልቁለት (ጠያቂ)

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ይህን ያህል መልስ አልጠበቅሁም።

ነርሷ፣ ባልሽው መሠረት ተለካሁ። 146 በ92 አሉኝ። ስኳሩ ደህና ነው። ይሄ ማለት ተከልክያለሁ?

ባለሱቅ፣ በሳምንት ስንት ቀን ይበቃል? ቅዳሜ ብቻ ነው የሚመቸኝ። ቤት ውስጥስ የምሠራው ነገር አለ? ደግሞ ሁዳዴ ሲገባ እንዴት ነው፣ ባዶ ሆድ ይታገላል?

ነርሷ ነኝ

አልተከለከልክም፤ ግን በአንድ ልኬት አይወሰንም። ተረጋግተህ ተቀምጠህ፣ ቡና ሳትጠጣ፣ በተለያየ ቀን ደግመህ ተለካ። ቁጥሩ እዚያው ከቆየ ሐኪም ጋ ሂድና "ትግል ልጀምር ነው" ብለህ በቀጥታ ንገረው። ስፖርት ልጀምር ብቻ ካልከው ሶምሶማ ይመስለዋል። እስከዚያ መውደቁንና መንከባለሉን በቀስታ መማር ትችላለህ። ሙሉ ጉልበት የሚጠይቀውንና አንገት የሚታነቅበትን ግን ሐኪሙ እሺ እስኪል ተው። ጨውም ቀንስ፤ ወጥ ቀምሶ ጨው መጨመር የለመድክ መሰለኝ።

የሸዋ በር ባለሱቅ

እሷ ያለችውን ስማ፤ ጁዶው የትም አይሄድም።

ቅዳሜ ብቻ ከሆነ ሰውነትህ በየሳምንቱ እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው፤ ሕመሙም እንደዚያው። በሳምንት ሁለቴ ብትችል ጥሩ ነው። ካልሆነልህ ቅዳሜን ይዘህ ቤት ምንጣፍ ላይ ይህን ሥራ፦ በጎንህ ተኛ፣ ጉልበትህን እጠፍ፣ በአንድ እግርህ መሬቱን ገፍተህ ዳሌህን ወደ ኋላ አውጣ። ከዚያ በሌላው ጎን። ሰው ሲጫንህ የምትወጣበት ይሄ ነው። ሲያዩት ቀላል ነው፣ ሳሎኑን አቋርጠህ ስትመለስ ግን ጣሪያ እያየህ ትቀራለህ። ልጆችህ አብረውህ ይሥሩ፣ ይወዱታል።

ጾሙን በተመለከተ፣ እኛ ረመዳን ላይ ከማፍጠሪያ በፊት ቀለል ያለውን ብቻ ነው የምንሠራው፣ ትግሉ ከተራዊህ በኋላ። አንተ ሁዳዴ ላይ እስከ ስንት ሰዓት እንደምትቆይ አላውቅም፤ የቅዳሜው ልምምድ ከሰዓት ስለሆነ ምሳህን በልተህ ሁለት ሰዓት ያህል አሳልፈህ ና። ሽሮህን፣ ምስርህን በደንብ ብላ። ውሃ ከጠዋት ጀምረህ ጠጣ፣ ምንጣፍ ጫፍ ላይ ደርሰህ አትገልብጠው።

መጀመሪያ ሐኪምህ ጋ ሂድ። ከዚያ ሸዋ በር ስትደርስ ቆርቆሮ የሚሸጥ ወፍራም ሰውዬ ብለህ ጠይቅ፤ ካኪውን የት እንደሚሸጡት አሳይሃለሁ፣ ሰፊውም አሁን ሥራውን ለምዶታል። ልብሱ እስኪደርስ አሮጌ ወፍራም ጃኬት ይበቃል። ዚፕ ያለው ግን አታምጣ፤ የሰው ፊት ይቧጭራል።